የመናኞች ቀን

የወንድሜ ሚስት ባግዋቲ ሻያቸውን የሚጠጡት ወደ ሳህኑ ገልብጠው፣ እፍ እያሉ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ እየማጉ ነው። ምራታቸው ኒሩፓማ ደግሞ በብረት ኩባያ፣ ቆማ፣ የግድግዳውን ሰዓት እያየች ትጠጣለች። ባግዋቲ በሰባ ስድስት ዓመት ዕድሜያቸው በቪዲሻ ከተማ ያልተጣሉት ጎረቤት የለም፤ ያልታረቁትም የለም። ኒሩፓማ ከማንም ጋር ተጣልታ አታውቅም፤ ስለዚህ መታረቅንም አልተማረችም። አንደኛዋ ያሰቡትን የሚያውቁት ከተናገሩት በኋላ ነው፤ ሁለተኛዋ የሆስፒታል መድኃኒት ቤት ኃላፊ ናትና ቃልንም እንደ ክኒን ቆጥራ ትሰጣለች።

እነዚህን ሁለት ሴቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ያስቀመጣቸው ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሞተ ሰው ነው፦ ዲንካር፣ የባግዋቲ የበኩር ልጅ፣ የኒሩፓማ ባል፣ ለእኔም የወንድሜ ልጅ። ልጅ አልወለዱም። እሱ ሲሞት ኒሩፓማ ወደ ወላጆቿ ቤት አልተመለሰችም፤ ባግዋቲም ሂጂ አላሏትም። ከሁለቱ አንዳቸውም ቤቱን ለሌላዋ ሊለቁ አልፈለጉም። እኔ ከማስተማር ሥራዬ ጡረታ ወጥቼ፣ ከብዙ አገር ዙረት በኋላ ሻንጣዬን ፎቁ ላይ ያሳረፍሁ ሰሞን ይህን ፍቅር ነው ብዬ ተሳስቼ ነበር።

የዚያ ዓመት ጠብ የተጀመረው በየካቲት፣ የባድሪናት ቤተ መቅደስ በሮች ሚያዝያ መጨረሻ ላይ እንደሚከፈቱ በተነገረ ሰሞን ነው። ቤተ መቅደሱ ያለበት ተራራ ግማሹን ዓመት በበረዶ ተዘግቶ ስለሚከርም የመክፈቻው ቀን ሲታወጅ ባቡሩም አውቶቡሱም ወዲያው ይሞላል። እሑድ ምሳ ላይ ባግዋቲ እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ተናገሩ።

«እሄዳለሁ። በሩ በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት። ጊሩ፣ መዝግበኝ።»

ጊሩ ያሉት ታናሹን ልጃቸውን ጊሪራጅን ነው። ከመንገዱ ማዶ ይኖራል፤ ከመጓዝ ይልቅ ጉዞን ማቀድ የሚወድ ሰው ነው። የእናቱ ቃል ሳይበርድ ካርታውን በምግቡ መካከል ዘረጋና የምስሩን ሳህን ሃሪድዋር ላይ፣ የጨው ዕቃውን ተራራው ጫፍ ላይ አስቀመጠ።

«እስከ ሃሪድዋር በባቡር፤ ከዚያ ሁለት ቀን በአውቶቡስ። ጆሺማት ላይ አድረን ትንፋሻችንን እንሰበስባለን። የሱፍ ካልሲ፣ ኮፍያ፣ የፍል ውሃ መታጠቢያ ፎጣ...»

«የሐኪሙ ደብዳቤስ?» አለች ኒሩፓማ።

«ምን ደብዳቤ?» አሉ ባግዋቲ። «የምሄደው ወደ አምላክ ነው ወይስ ወደ ፖሊስ ጣቢያ?»

«የሚሄዱት ከሦስት ሺሕ ሜትር በላይ ነው፣ እማማ። እዚህ ደረጃውን ሲወጡ እንኳ ሦስት ጊዜ ያርፋሉ።»

«የማርፈው ፎቁ ላይ ያለችው ማላቲ ስለሆነች ነው። ቶሎ ብደርስ ምን አተርፋለሁ?»

ማላቲ እኔ ነኝ። ሳቅሁ፤ የሳቅሁት ግን ብቻዬን ነበር።

«ለጉዞው የሚጠየቀውን የጤና ቅጽ የምሞላው እኔ ነኝ፤ አልሞላም» አለች ኒሩፓማ።

«ስሟት! እኔ ብሞት ክኒን የምትቆጥርለት ሰው እንዳታጣ ነው።»

«መንገድ ላይ ቢሞቱ አስከሬንዎን ማን ያወርደዋል?»

«አንቺ አትንኪኝ እንጂ ማንም ያውርደው!»

ጊሪራጅ የጨው ዕቃውን ቀስ ብሎ ከተራራው ጫፍ አነሣ። እኔም ነገሩን ላበርድ ብዬ፣ «እትዬ ባግዋቲ፣ እስከ ዛሬ ተራራ ጠርቶዎት አያውቅም። ዘንድሮ ምን መጣ?» ብዬ ጠየቅሁ። መጠየቅ አልነበረብኝም።

ባግዋቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለዲንካር በድንጋዩ ላይ ሩዙን ሳላስቀርብለት አልሞትም። ጊሩ ያቀርባል፤ እኔ ቆሜ አያለሁ። ከዚያ ብሞትም ግድ የለኝም።»

ኒሩፓማ የያዘችውን ኩባያ አስቀመጠች።

በባድሪናት፣ ከቤተ መቅደሱ ጥቂት እልፍ ብሎ በአላክናንዳ ወንዝ ዳር አንድ ሰፊ ድንጋይ አለ። በሌላ ስፍራ ለሙት የሚቀርብ የሩዝ ድቡልቡል ለዓመት ያህል ስንቅ ነው፤ በዓመቱ ይደገማል። በዚያ ድንጋይ ላይ የሚቀርበው ግን የመጨረሻው ነው። ሙቱ ጠግቦ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ አይራብም፣ ወደ ቤትም አይጠራም።

በእኛ ቤት ደግሞ ዲንካር በየዓመቱ ይጠራ ነበር። በመስከረም፣ ሙታን ወደ ቤታቸው የሚጠሩበት ሁለት ሳምንት ሲገባ፣ ጨረቃዋ እሱ በሞተባት ዕለት ወደ ነበረችበት ስትደርስ፣ ኒሩፓማ ከሥራዋ ፈቃድ ትወስዳለች። የሚወደውን ዱባ ትሠራለች፤ ሩዙን በወተትና በሄል ታፈላለች፤ ስስ ቂጣ በቅቤ ትጠብሳለች። ጊሪራጅ ሥርዓቱን ሲጨርስ ሙቱ በቁራ አምሳል መጥቶ ይበላል ይባላልና የቁራውን ድርሻ በቅጠል ሳህን ይዛ ብቻዋን ወደ ጣሪያው ትወጣለች። እኔ ከመስኮቴ ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ። ዓመቱን ሙሉ ቆጥራ የያዘችውን ቃል ሁሉ እዚያ ታፈስሰዋለች፦ ስለ አዲሱ አለቃዋ፣ ስለ ተበላሸው የውሃ ፓምፕ፣ ስለ እናቱ ምላስ፣ ስለ እኔም ማንኮራፋት። ከዚያ ቁራው ይበላል፤ እሷም ፊቷን ታጥባ ትወርዳለች።

«ማን ፈቀደልዎ?» አለች አሁን።

«ልጄን ለመሸኘት ፈቃድ ልጠይቅ?»

«ባሌን ለማባረር።»

ከዚያ እሑድ በኋላ ቤቱ ቤት አልነበረም። ኒሩፓማ የአማቷን የደም ግፊት ክኒን በወረቀት ጠቅልላ፣ የመውሰጃውን ሰዓት ጽፋ ደጃፋቸው ላይ ትጥላለች እንጂ በእጇ አትሰጥም። ባግዋቲ በጠዋቱ ጸሎታቸው ዘመዶቻቸውን በየስማቸው እየጠሩ ሲመርቁ ከእኔ ስም ቀጥለው ወደ ጎረቤቷ ላም ያልፋሉ። አንድ ቀን ወጡ ጨው በዛበት፤ በማግስቱ ጨርሶ ጨው አጣ። ማን እንደ ጨመረ፣ ማን እንደ ከለከለ አልጠየቅሁም፤ ፎቅ ላይ ብስኩት ነበረኝ።

ጊሪራጅ ግን ማቀዱን አልተወም። ከአያቶቹ ጀምሮ የቤተሰቡን ስም በመዝገብ ለሚይዘው የተራራው ካህን ስልክ ደወለ፤ እኔም አጠገቡ ነበርሁ። ካህኑ የሟቹን ስም፣ የዘር ሐረጉን፣ የሞተበትን ቀንና ሰዓት ጠየቀ።

«ሰዓቱን ደግሞ ለምን?» አለ ጊሪራጅ።

«የጨረቃዋ ቀን የሚታወቀው በሰዓቱ ነው፣ ጌታዬ። ቀኑን ብቻ የሚነግረን ሰው ሙቱን ያሳስትብናል።»

ኒሩፓማ ሥራ ላይ ነበረች። ጊሪራጅ የቆርቆሮ ሣጥኗን ከፍቶ ሆስፒታሉ የሰጠውን የዲንካርን የሞት ወረቀት አወጣና ለእናቱ ሰጠ። ባግዋቲ ፊደል ያደናግራቸዋል፤ ቁጥር ግን አያመልጣቸውም። የጨረቃ መቁጠሪያ መጻሕፍትንም ከሠርጋቸው ዓመት ጀምሮ አንዱን እንኳ አልጣሉም። የዚያን ዓመቱን ከሥር ፈልፍለው አወጡና እስከ ማታ በጣታቸው እየተከተሉ ሲያነቡ ዋሉ።

ኒሩፓማ ከሥራ ስትገባ ግቢው መካከል ተቀምጠው ጠበቋት።

«ያን ቀን በስንት ሰዓት ነው የደወልሽልኝ?»

ጫማዋን ሳታወልቅ ቆመች። ወረቀቱን ስታየው ፊቷ ተለወጠ። «ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ።»

«ይህ ወረቀት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከሃያ ይላል።»

«ይላል።»

«ያኔ ለሰፈራችን ካህን ምን አልሽው?»

«ጠዋት ሞተ አልሁት።»

ስህተቱ ይኸው ነበር። የጨረቃ መቁጠሪያው ለእያንዳንዱ ዕለት ስም የሚሰጠው ፀሐይ ስትወጣ ባለችው ጨረቃ ነው። ያን ዕለት ፀሐይ ስትወጣ ጨረቃዋ አሥራ ሁለተኛ ቀኗን ይዛ ነበር፤ የያዘችው ግን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ዲንካር በሞተ ሰዓት ገና አሥራ አንደኛዋ ናት። ካህኑ ጠዋት ሲባል ሌላ ሳይጠይቅ አሥራ ሁለተኛ ብሎ ጻፈ። አሥራ ሁለተኛው ቀን ደግሞ በሙታኑ ሁለት ሳምንት ውስጥ ቤታቸውን ጥለው የወጡ መናኞች የሚዘከሩበት ቀን ነው።

«ዘጠኝ ዓመት!» አሉ ባግዋቲ፤ ተነሥተው ቆሙ። «ቤት እያለው፣ እናት እያለችው፣ በመናኞች ቀን አበላሽው! ልጄ በቀኑ መጥቶ ባዶ ጣሪያ አይቶ ተመልሷል። ዘጠኝ ጊዜ! ውሻ እንኳ እንዲህ አይደረግም!»

እኔ ከደረጃው ላይ ሆኜ፣ «የሁለቱ ሳምንት መዝጊያ ቀን እኮ ቀናቸው ለተሳሳተ ሙታን ሁሉ...» ማለት ጀመርሁ።

«ማላቲ፣ አንቺ ፎቅሽን ውጪ!»

ወጣሁ፤ ግን ሁለት ደረጃ ብቻ።

«ሦስት ሰዓት ሊሞላ!» አሉ ባግዋቲ። «ልጄ ሞቶ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምን ስታደርጊ ነበር? ተኝተሽ ነበር?»

«ይዤው ነበር» አለች ኒሩፓማ።

«ምን?»

«እጁን ይዤው ነበር። እርስዎ ከመጡ የእርስዎ እንደሚሆን አውቅ ነበር። የእርስዎ፣ የአጎቶቹ፣ የካህኑ፣ የአበባ ሻጩ ሳይቀር። እንዳልሁትም ሆነ፤ በክርንዎ ወደ ግድግዳው ገፍተውኝ ለስንብት እግሩን እንኳ ሳልነካ ወሰዳችሁት። ስለዚህ አስቀድሜ ድርሻዬን ወሰድሁ።»

«የወለድሁት እኔ ነኝ!»

«አውቃለሁ፤ በየቀኑ ይነግሩኛል።»

«ሰርቀሽኛል።»

«አዎ» አለች ኒሩፓማ። «ሰርቄዎታለሁ። ዛሬም ቢሆን እሰርቅዎታለሁ።»

ባግዋቲ መጽሐፉን ወረወሩባት። ትከሻዋን መትቶ ወደቀ። ኒሩፓማ አነሣችው፤ ደረጃው ላይ፣ ከእኔ እግር ሥር ተቀመጠችና ገጹን ፈልጋ በጣቷ ተከተለችው። አንዴ፣ ከዚያ እንደገና፣ ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ፤ በመድኃኒት ቤቷ የተጠረጠረ ማዘዣ እንደምትመረምር። በሃያ ዓመት ሥራዋ የአንድ በሽተኛ መድኃኒት ሰዓት ተሳስታ አታውቅም። ስህተት ፍለጋ ላይ እንደ ነበረች ገባኝ። አላገኘችም። መጽሐፉን ዘግታ ወደ ክፍሏ ገባች፤ ማታም ራት አልበላችም። ባግዋቲ እስኪደክማቸው ድረስ በተዘጋው በር ላይ ሲሳደቡ ቆዩ።

ሦስት ቀን ሁላችንም በየክፍላችን በላን። ክኒኑ ግን በየጠዋቱ ደጃፉ ላይ ነበር፤ ባግዋቲም ይውጡት ነበር። በሦስተኛው ቀን የዘንድሮውን የጨረቃ መቁጠሪያ በኒሩፓማ የጫማ መደርደሪያ ላይ አየሁት። የመስከረሙ ገጽ ታጥፏል። ያጠፉት ባግዋቲ ናቸው፤ በዚያ ቤት ገጽ ሲያጥፍ ጣቱን በምራቅ የሚያርስና የእርድ ቀለም የሚተው ሌላ ሰው የለም። ስድብ ይሁን ሌላ ነገር፣ እስከ ዛሬ መወሰን አልቻልሁም።

እሑድ ምሳ ላይ ኒሩፓማ ቁጭ አለች። ሁልጊዜ ቆማ የምትበላ ሴት ወንበር ስትስብ ጊሪራጅ እንኳ ማኘኩን አቆመ። የተሞላውን የጤና ቅጽ ከካርታው ላይ አኖረች፤ የጉዞው ወር ተሰርዞ ሌላ ተጽፎበታል።

«ሁላችሁም ስሙኝ፤ ደግሜ አልናገርም» አለች። «በሚያዝያ ማንም የትም አይሄድም። መጀመሪያ መስከረም ላይ፣ በአሥራ አንደኛው፣ በራሱ ቀን፣ በራሱ ቤት ይበላል። ምግቡን የምሠራው እኔ ነኝ፤ ማንም ጨው እንዳይነካ። የቁራውን ሳህን ወደ ጣሪያ የሚያወጡት ግን እርስዎ ነዎት፣ እማማ። ደረጃው ላይ መቶ ጊዜ ይረፉ፤ እኔ ከኋላ እቆማለሁ። የሚነግሩት ነገር ካለ ያን ቀን ይንገሩት።»

ባግዋቲ የጨው ዕቃውን በገዛ እጃቸው ወደ ምራታቸው ገፉት። በሕይወቴ ያየሁት የመጀመሪያው ነበር።

«በጥቅምት፣ በሮቹ ሳይዘጉ፣ ወደ ተራራው እንወጣለን። ጊሪራጅ በድንጋዩ ላይ ያቀርባል፤ ሩዙን የምድበለብለው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ማንም አይጠራውም። እኔም አልጠራውም።»

የመጨረሻውን ስትናገር ቀኝ እጇ የካርታውን ጫፍ ጨብጦ ቀደደው።

«በጥቅምት እዚያ ብርዱ አጥንት ይሰብራል» አሉ ባግዋቲ።

«እሱ ዘጠኝ ዓመት ጠብቋል ብለውኛል። እርስዎ ስምንት ወር ይጠብቁ። ኦክስጅኑን እኔ እይዛለሁ፤ መንገድ ላይ ስለዚያ ጠዋት አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ግን ከጆሺማት እመልስዎታለሁ።»

ባግዋቲ ሻያቸውን ወደ ሳህኑ ገለበጡ። እፍ አሉ፤ ማጉ፤ ድምፁ ከወትሮው ይበልጥ ሰፈሩን አናወጠው። ከዚያ ምራታቸውን ሳያዩ ወደ ታናሹ ልጃቸው ዞሩ።

«ምን አፍህን ትከፍታለህ፣ ጊሩ? ካርታህን ይበልጥ ሳይቀደድ አንሣና ጻፍ። በጥቅምት ነው የምንሄደው።»