ሚስራ ግስ ስታረባ

አጎቷ ሲራጅ ጆሮ ማዳመጫ አይወድም፤ «ሰይጣን የሚያንሾካሹክበት ሽቦ» ይለዋል። ዛሬ ግን ከከሚሴ ገበያ አዲስ ማዳመጫ ገዝቶላት መጣ።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ የስፔኑ ኮሌጅ ቃለ መጠይቅሽ ነገ አይደል? እንግዶች አሉብኝ፤ ጓዳ ገብተሽ ድምፁን ከፍ አድርገሽ አጥኚ» አላት።

አባቷ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ያለ ቃል ሰምታ የማታውቀው ሚስራ ደስታዋን አልቻለችውም። ደግነት ድንገት ሲመጣ «ለምን?» ማለትን ማን አስተማራት!

ማዳመጫውን ከሂጃቧ ሥር ሰክታ ወደ ግድግዳው ዞራ ተቀመጠች።

«ግሱን እንዳለ ተዉት፤ ከኋላው 'ኢያ' ብቻ ቀጥሉበት» አለች በስልኩ ውስጥ ያለችው የስፓኒሽ አስተማሪ። «ቢቢር፣ መኖር። ቢቢሪያ፣ ብችል ኖሮ እኖር ነበር። የቀረውን በልባችሁ አርቡ።»

ሚስራ ዓይኗን ጨፈነች። ቢቢሪያስ፣ ቢቢሪያሞስ፣ ቢቢሪያን።

ጨርሳ ማዳመጫውን ነቅላ ፊቷን ስትመልስ ሁለት ሽማግሌዎች ከጓዳው በር ላይ ዞር ሲሉ ጀርባቸውን አየች። ሳሎኑ ውስጥ እልልታው ቀለጠ። አጎቷ ብቻውን በሩ ላይ ቀርቷል።

«ምንድን ነው አጎቴ?»

«ለባለ ወፍጮው ኢልያስ ልድርሽ ብዬ ፈቃድሽን ሦስት ጊዜ ጠየቅሁሽ፤ ዝም አልሽ። የልጃገረድ ዝምታ እሺታዋ ነው። ምስክሮቹም ዓይን አፋርነትሽን አመሰገኑ።»

«አልሰማሁም እኮ! እርስዎ የገዙልኝ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ነበር!»

ሲራጅ ቀረብ ብሎ ማዳመጫውን ከእጇ ወሰደ፤ ቀስ ብሎ ጠቀለለና ኪሱ ከተተው።

«እሱማ ሥራውን ጨርሷል» አላት።