የአምብሮስ ቲልግማን ተተኪ

አምብሮስ ቲልግማን መሞቱን ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት «አሁን ተራዬ ደረሰ» ብዬ ነው። ደግ ሰው ለመምሰል ብዬ አልደብቀውም። ለቅሶው በኋላ መጣ፤ ሲመጣም ጠንክሮ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወጣትነታችን፣ እዚሁ ባልቲሞር መሃል ከተማ አንድ ትልቅ ቲያትር ቤት ነበር፤ የኛ ሰው ከላይኛው ሰገነት በቀር የትም የማይቀመጥበት። በዚያ መድረክ ላይ በዋና ተዋናይነት የቆመ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው አምብሮስ ነው። በቲያትሩ የጀልባ ካፒቴን ሆኖ ይጫወት ነበር። እኔ ሮስኮ ፔቲፎርድ ደግሞ ተተኪው ነበርኩ። ተተኪ የዋናውን ተዋናይ ቃል ሁሉ ያጠናል፣ ልብሱን በራሱ ልክ ያሰፋል፣ ከዚያ ከመጋረጃው ጀርባ ወንበር ስቦ ተቀምጦ የሰው ጤና ሲከታተል ያመሻል።

ሦስት ዓመት ከአራት ወር እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አምብሮስ አንድ ምሽት አልቀረም። ጉንፋን ድምፁን ሲዘጋው ልቤ በደስታ ዘለለ፤ እሱ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ከች አለ። የእግሩ ጣት ሲሰበር ካፒቴኑን እያነከሰ ተጫወተው፤ ተመልካቹም ማነከሱ የድርሰቱ አካል መስሎት አጨበጨበለት። እናቱን የቀበረ ዕለት ግን መቼም አይመጣም ብዬ የካፒቴኑን ካፖርት ለብሼ ተዘጋጀሁ። የመቃብሩ ጭቃ ከጫማው ሳይለቅ መልበሻ ክፍሉ ገባና ከእግር እስከ ራስ አየኝ።

«አውልቀው ሮስኮ» አለኝ።

ካፖርቱን አወለቅሁት፤ ቂሙን ግን ለብሼው ቀረሁ።

ከዚያ እሱ ወደ ፊልም ሄደ። ትሪ ተሸክሜ «እሺ ጌታዬ» የምልበት ሥራ አልሠራም ብሎ ሁለት ዓመት ቤቱ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ አበደ ሲለው ዳኛ ሆኖ ብቅ አለ፣ ቀጥሎ ሐኪም፣ ቀጥሎ የመርከብ አዛዥ ሆነ። እሱ በቴሌቪዥን በሚታይበት ምሽት በሰፈራችን ስልክ ሥራ ይበዛበት ነበር፤ አንዱ ለአንዱ እየደወለ «ቶሎ ክፈቱ፣ የኛ ሰው ወጥቷል» ይባባላል። እኔ ፖስታ ቤት ገብቼ ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ስለይ ኖርኩ። ለኛም ይደወልልናል። ባለቤቴ ኤርሊን ቴሌቪዥኑን ትከፍትና እሱን ትታ የኔን ፊት ታያለች።

የአምብሮስ ሴት ልጅ ኮርሊስ ደውላ፣ በጊልያድ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሽኝቱ ላይ የካፒቴኑን ንግግር እንዳሰማ ጠየቀችኝ። ለጨዋነት ያህል ትንሽ አንገራገርኩና እሺ አልኩ። ሰማንያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ሙሉ ቤት ሰው ፊት ልቆም ነው። ሳምንቱን ሙሉ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ስለማመድ ኤርሊን በሩን እያንኳኳች፣ ጀልባህ ገና አልደረሰም ወይ፣ ሌላም ተሳፋሪ አለ እያለች ስታላግጥብኝ ሰነበተች። እኔን ግን ሌላ ነገር ከነከነኝ። አፌን በከፈትኩ ቁጥር የሚወጣው የአምብሮስ ድምፅ ነበር።

ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። በፕሮግራሙ ላይ እንደ ወትሮው «ንግግር፤ እባክዎ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥ» ተብሎ ተጽፏል። እንደ ወትሮውም ማንም ከቁብ አልቆጠረው። አንድ የከተማው ምክር ቤት አባል አምብሮስን በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨርሶ ስለ ራሱ ምርጫ አሥራ ስምንት ደቂቃ ተናገረ። አስተናጋጇ እህት ሆርቴንስ ነጭ ጓንቷን እንዳጠለቀች ሰዓቷን ብታሳየው፣ ጣቷን ብታወዛውዝበት፣ ዞሮም አላያት። ቀጥሎ አንዲት የአክስት ልጅ ጥቂት ቃል ልበል ብላ ተነሥታ ሦስት መዝሙር ዘመረች። እኔ ፊተኛው ረድፍ ላይ ላቤን እየጠረግሁ ተራዬን እጠብቃለሁ። በመጨረሻ ፓስተር ዱፕሪ ተነሣና የመቃብር ቦታው ሠራተኞች እየጠበቁን ስለሆነ የቀረውን ንግግር እንለፈው አለ።

የቀረው ንግግር እኔ ነበርኩ። ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። ሰውዬው ሳጥን ውስጥ ተኝቶ እንኳ መድረኩን አልለቀቀልኝም።

ከቀብር መልስ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ምግብ ቀረበ፤ የተጠበሰ ዶሮ፣ ጎመን፣ አይብ የተጋገረበት ማካሮኒ። ኮርሊስ ሳህኗን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና ይቅርታ ጠየቀችኝ። አባቷን በቀበረችበት ቀን የሚባል ነገር አልነበረም፤ ግን ሃምሳ ዓመት ሆዴ ውስጥ የከረመው አምልጦኝ ወጣ።

«አባትሽ አንዲት ምሽት ቢሰጠኝ ምን ይጎድልበት ነበር?»

አልተቆጣችም። ሹካዋን አስቀመጠች።

«አጎቴ ሮስኮ፣ እስከ ዛሬ አልነገረዎትም ማለት ነው?»

«ምኑን?»

«የቲያትር ቤቱ ባለቤቶች እኮ ገና ሲቀጥሩት፣ አንድ ምሽት ከቀረህ መጋረጃው አይከፈትም፣ ቲያትሩም ያን ዕለት ያበቃል ብለውታል። እርስዎን የያዙት ተተኪ መኖር አለበት የሚል ውል ስላለ ብቻ ነው። ሊያስገቡዎት አስበው አያውቁም።»

«ታዲያ ለምን ደበቀኝ?»

«ሮስኮ ቢያውቅ ጥሎ ይሄዳል፣ ተተኪው ከሄደ ደግሞ ውሉ ፈረሰ ብለው ቲያትሩን ይዘጉታል ይል ነበር። አሥራ አራት የኛ ሰው በዚያ ሥራ ቤተሰብ ያስተዳድር ነበር። አያቴ የተቀበረች ዕለት ቤት ሲገባ ምርር ብሎ አለቀሰ። እናቴ ስታባብለው፣ ‹ስለ እናቴ ብቻ አይደለም፤ ካፖርቱ ከኔ ይልቅ ሮስኮን ያምርበት ነበር› አላት።»

እኔ በየምሽቱ እንዲታመም ስጸልይ እሱ ለካ ታሞ ነበር የሚመጣው። ያን ሁሉ ዘመን ልጠላው ስለፋ ኖሬ፣ አሁን ይቅርታ ልጠይቀው ብል አፈር ለብሷል። አፈርኩ። አምብሮስን የዚያን ጊዜ፣ ከዚያ ዶሮ ፊት ተቀምጬ አለቀስኩለት።

ከዚያ ተነሣሁ። ማንም አልጠራኝም። ሰው እየበላ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ድስት እየታጠበ፣ ወንበሬን ተደግፌ ጀመርኩ። የመጀመሪያው መስመር በአምብሮስ ድምፅ ወጣ፤ በሁለተኛው ላይ ቃሉ ጥርግ ብሎ ጠፋኝ። ስንት ዓመት ያጠናሁት፣ ሳምንቱን ሙሉ ያልኩት ቃል። ሹካው ሁሉ ዝም አለ።

በቤተ ክርስቲያኑ ሁሉም እናት የሚላት ሉቬኒያ፣ ዘጠና አራት ዓመቷ ነው፣ ከተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ሆና፣ «ቀስ በል ልጄ። ማንም አይቸኩልም» አለችኝ።

አየር ሳብኩ። ቀጥሎ የወጣው የራሴ ድምፅ ነበር፤ ሻካራ፣ የደብዳቤ አቧራ የጠጣ።

«ወንዙ ስሜን ጠይቆኝ አያውቅም። ሲነጋ መጣሁ፣ ተሸከመኝ። ሲመሽ መጣሁ፣ ተሸከመኝ። እንግዲህ ወንዙ ያልከለከለኝን እናንተ ማን ናችሁና ትከለክሉኛላችሁ? የሚሻገር ይሳፈር።»

«በል!» አለ አንዱ ከኋላ። ወጥ ቤት ያሉት ሴቶች ቧንቧውን ዘግተው በእጃቸው ጨርቅ እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ። እስከ መጨረሻው አልኩት፤ ከሁለት ደቂቃ ብዙ ያልፋል፣ ማንም አልቆጠረም። ስጨርስ ኮርሊስ ፊቷን በናፕኪን ሸፍናለች።

እናት ሉቬኒያ በምልክት ወደ እሷ ጠራችኝ። አምብሮስን ሁለት ጊዜ እንዳየችው፣ በዚያ ቲያትር ቤት ታች ወንበር ላይ ስትቀመጥም የመጀመሪያ ጊዜዋ እንደነበረ ነገረችኝና እጄን ያዘች።

«የሱ ካፒቴን ኩሩ ነበር» አለችኝ። «ያንተ ደክሞታል። እሱንም ማየት ነበረብን።»

ከዚያ አዘዘችኝ፤ መጠየቅ አትችልበትም። ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት አረጋውያኑ እዚያው ምድር ቤት ይሰበሰባሉ፣ ቢንጎ የሚሉት የቁጥር ጨዋታ አሰልችቷቸዋል፣ መጥቼ ቲያትሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እንድሠራላቸው። እሺ አልኩ።

ረቡዕ ሲነጋ ዶፍ ይወርዳል። ጉልበቴ አብጦ እንደ ቡሆ ኩፍ ብሏል። ኤርሊን ለቤተ ክርስቲያኑ ደውዬ ዛሬ አይችልም ልበላቸው፣ ለአንድ ቀን ቢንጎአቸውን ይጫወቱ አለችኝ።

«ከቀረሁ መጋረጃው አይከፈትም» አልኳት።

በዚያ ምድር ቤት መጋረጃ የለም፤ ኤርሊንም ታውቃለች። ስልኩን አስቀመጠችና ጎንበስ ብላ ጫማዬን አሰረችልኝ።