ጋሼ ቢሮ

ፍስሐ ከግቢው በር ጀምሮ ወንድሜን፣ ወንድሜን እያለ ገባ። ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ሲጫወቱ የነበሩት የእድር ሰዎች ካርታቸውን ከጋቢያቸው ሥር ሸጉጠው ተነሡለት። ሸማ ተራ አዲሱ ሕንፃ ላይ ድርሻ ያለው ትልቅ ነጋዴ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ሲያለቅስ ሌላውም የማልቀስ ግዴታ ያለበት ይመስለዋል። ወደ ቤት ሲዘልቅ ኢየሩስ ብቻ ከፍራሿ ቀና አላለችም። ባሏ ሀብተ ወልድ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ፍስሐ ጎንበስ ብሎ ሲያቅፋት ሽቶው አፍንጫዋን ሞላው። መሀረቡ የተተኮሰ ነው፤ እጥፋቱ እንኳ አልተፈታም። ዓይኑን አየችው። ደረቅ ነው።

ወንበር ከጎረቤት መጣለት። ሌላው ሁሉ ፍራሽና አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ እሱ ከላይ ሆኖ ስለ ሟች መናገር ጀመረ። ሀብተ ወልድ በእሱ ሱቅ በረንዳ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት እንደ ሰፋ፣ እንደ ወንድሙ እንደሚያየው፣ ቤት ከዋለ በኋላም ሳይረሳው የካባ ሥራ እቤቱ ድረስ ይልክለት እንደነበር አወራ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ከኢየሩስ ጀርባ የተቀመጡ ሁለት የግቢው ሴቶች ደግሞ ሰውየውን የገደለው ቤት መዋል ነው፣ ወንድ ልጅ እንዲህ ሲቀመጥ ደሙ ይረጋል ብለው ተንሾካሾኩ። ጋሼ ቢሮ የሚል ስም ያወጡለት እነዚህ ሁለቱ ነበሩ። ኢየሩስ ናቀቻቸው። ወዲያው ደግሞ አብራቸው ስትስቅ እንደነበር ትዝ አላትና ራሷንም ናቀች።

የሸማ ተራው አሮጌ የሱቅ ረድፍ የፈረሰው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ባለ ሱቆቹ አክሲዮን ገብተው ሕንፃ ሊሠሩ ሲስማሙ፣ በየበረንዳው መኪናቸውን ዘርግተው የሚሰፉትን ሰዎች የጠየቃቸው አልነበረም። ፍስሐ ለሀብተ ወልድ፣ ሕንፃው ሲያልቅ ያንተ ቦታ የታወቀ ነው አለው። ሀብተ ወልድ አመነ። የስፌት መኪናውን በኩሊ አሸክሞ መሳለሚያ አጠገብ ካለችው አንድ ክፍል የቀበሌ ቤታቸው አስገባና፣ ሕንፃው እስኪያልቅ ነው ብሎ አልጋው ግርጌ አቆመው። ልጅ ስላልነበራቸው ቦታው ለሁለት ሰው ይበቃል። ለሁለት ሰውና ለአንድ መኪና ግን አልበቃም።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ኢየሩስ ማስታወስ አትወድም። ሀብተ ወልድ በሌሊት ልብሱ፣ በነጠላ ጫማ መኪናው ላይ ይቀመጣል። ጥቂት ይሰፋና አጠገቡ ያለው አልጋ ይጠራዋል፤ አምስት ሰዓት ላይ ተጋድሞ ታገኘዋለች። የድስት ክዳን እየከፈተ ሽንኩርቱ አልበሰለም ይላታል። ቤት መዋሉን ጎረቤት ሁሉ ካወቀ በኋላማ ሥራ የሚባል ነገር ቀረ። አንዷ የተሰጣ ልብሴን ጠብቅልኝ ትለዋለች፤ ሌላዋ ሕፃኗን አሳቅፋው ገበያ ትሄዳለች፤ የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣም የግቢውን በር ሁሉ የሚያስከፍተው እሱ ነው። ደንበኛ የሚመጣው ምሳ ሲቀርብ ነው። ቀኑን ሙሉ ቤት ውሎ፣ ማታ አንድ ጠርዝ እንኳ አልጨረሰም። ኢየሩስ ባሏ እያነሰ፣ እያነሰ ሲሄድ በዓይኗ አየች። ማዘን ሲገባት ተጸየፈችው።

አንድ ቀን ከአልጋው ላይ ጨርቅ እያነሣች፣ "እኔ ያገባሁት ወጥቶ የሚገባ ወንድ ነበር" አለችው።

በማግስቱ ሀብተ ወልድ ማልዶ ተነሣ። ጢሙን ተላጨ፣ ኮቱን ለበሰ፣ ጫማውን ቀባና አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጣ። ሥራ ያገኘ መስሏት ደስ አላት። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ተመለሰና የራሱን ቤት በር አንኳኳ። ስትከፍትለት፣ ጠዋት አብሯት እንዳልተነሣ ሰው እንደምን አደርሽ አላት። ከዚያ መኪናውን ከአልጋው ግርጌ ጎትቶ መስኮቱ ሥር አዞረው፤ አልጋው በጀርባው በኩል ሆነ። መሐል ላይ መጋረጃ ሰቀለ። ለእሷም በዝግታ፣ እንደ ልጅ፣ አስረዳት። ከመጋረጃው ወዲያ ሸማ ተራ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ማንም አያናግረኝ፤ አንቺም ቢሆን። ደንበኛ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይምጣ። የሰው ልጅ አልይዝም፣ የሰው ልብስ አልጠብቅም፤ የለም፣ ሥራ ሄዷል በያቸው። ከባዱን ሥራ ከምሳ በፊት እጨርሳለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪናውን አለብሰዋለሁ፤ የቀረ ሥራ ቢኖርም ለነገ ይደር።

ያበደ መሰላት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በእርግጥም መኪናውን አለበሰው፣ ኮቱን አደረገ፣ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ሙዝ በወረቀት ጠቅልሎ ተመለሰና እንዴት ዋልሽ አላት። ያን ሙዝ ስትበላ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። ወሬው ግቢውን ለመዞር አንድ ቀን አልፈጀበትም። ሴቶቹ በመስኮቱ ሲያልፉ ቢሮ ገብቷል ወይ ይሏታል፤ እሷም ስብሰባ ላይ ነው ትላቸዋለች። ሀብተ ወልድ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ ሁሉንም ይሰማል። መኪናውን አላቆመም። በዓመቱ የሚጨርሰው ሥራ በረንዳው ላይ ከሚሰፋው በለጠ፤ እሷ ግን ይህን ልብ አላለችውም።

ሕንፃው አለቀ። ሀብተ ወልድ ቦታውን ሊጠይቅ ሄደ። ፍስሐ የሚያብረቀርቀውን ወለል በእጁ እያሳየ፣ ሀብቴ፣ አዲሱ ሕንፃ እኮ በረንዳ የለውም አለው። ማታ ይህን ሲነግራት ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ፍስሐ ከዚያ በኋላ ሥራ መላክ የጀመረው ደግሞ የሀብተ ወልድን እጅ የሚተካ ስላጣ ነው። አሁን ወንበሩ ላይ ሆኖ ውለታ አድርጎ የሚያወራው ይህንን ነው።

ፍስሐ ከሄደ በኋላ፣ ከሰዓት፣ አንድ ቀጭን ሰው ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ጠይብ ይባላል፤ ቆብ ሰፊ ነው፤ ያ በረንዳ እስኪፈርስ ከሀብተ ወልድ ጎን ይቀመጥ ነበር። ኢየሩስ ካየችው ዓመታት አልፈዋል። አላህ ያጽናዎት ብሏት አጠገቧ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ለረጅም ጊዜ ምንም አላለም፤ እሷም ወደደችለት። ቀኑን ሙሉ ሳያወራ የተቀመጠ የመጀመሪያው ሰው ነበር።

በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እትዬ ኢየሩስ፣ ጋሽ ሀብቴ ጠዋት ጠዋት የት እንደሚሄድ ያውቃሉ?" አላት።

"መሳለሚያ ድረስ ሄዶ ታክሲ አይቶ ይመለሳል" አለች፤ ሁልጊዜም የምታስበው እንደዚያ ነበር።

"እኔ ዘንድ ነበር የሚመጣው።"

ጠይብ ነገራት። በረንዳው ከፈረሰ በኋላ አንዋር መስጊድ ጀርባ ባለችው ቤቱ ውስጥ እስከ ቀትር ይተኛ ነበር፤ ከሰዓት ጫት ነው፤ የታዘዘው ቆብ ሳይሰፋ ይከርማል። ሚስቱ መሯት ቤተሰቦቿ ዘንድ ሄደች። አንድ ጠዋት ሀብተ ወልድ መስኮቱን ቆረቆረ። ሲከፍትለት መጀመሪያ የጠየቀው፣ ጫማ አድርገሃል ወይ ብሎ ነው። ገብቶ የጠይብን መኪና ከአልጋው አዙሮ ከግድግዳው አስጠጋው፤ ተላጭተህ ተቀመጥ፣ ቁርስህን መኪናው ላይ አትብላ፣ ማታ ካላቆምክ ጠዋት አትጀምርም አለው። እኔም ሚስቴ እስክትነግረኝ ድረስ እንዳንተ ነበርኩ ብሎም ጨመረለት። በማግስቱ ተመለሰ። በሚቀጥለውም ቀን። ከዚያ ወዲህ ከእሁድ በቀር መስኮቱን ሳይቆረቁር የቀረበት ቀን የለም። ደጅ ቆሞ የመኪናው ድምፅ ሲጀምር ይሰማና ይሄዳል። ሻይ ጠጣ ሲባል ሥራ ይረፍድብኛል ይላል። የጠይብ ሚስት ተመልሳለች፤ አሁን ሁለተኛ ልጃቸውን ወልደዋል።

"ሰኞም መጥቶ ነበር" አለ ጠይብ። "ማክሰኞ ጠብቄ ጠብቄ ቀረ። ዛሬም ሲቀር ጫማዬን አድርጌ መጣሁ። ድንኳን አየሁ።"

ኢየሩስ ለምን ለእሷ እንዳልነገራት ጠየቀችው። ጠይብ አንገቱን ደፋ። "ቤት ውስጥ ይስቁብኛል ይል ነበር" አላት።

ስለ ሰኞ ልትነግረው ፈለገች፤ አልቻለችም። ሰኞ አራት ሰዓት ላይ በር ላይ ነጭ ሽንኩርት ስትልጥ የመኪናው ድምፅ ቆመ። በመጋረጃው ጠርዝ አጮልቃ አየችው፤ ክንዱን ተንተርሶ መኪናው ላይ አቀርቅሯል። መጋረጃውን ከሰቀለ ወዲህ አንድም ቀን እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ጎረቤቷን ሀያቱን ጠርታ፣ ጋሼ ቢሮ ሥራ ላይ ተኛ አለቻት፤ ሁለቱም አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ። አልቀሰቀሰችውም። እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ማንም አያናግረኝ ብሏል፤ እንዳለው ይሁንለት ብላ ተወችው። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ምሳውን ይዛ ገባች።

ሐሙስ ሠልስቱ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰዉ ንፍሮ እየቆነጠረ ሳለ፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ ፍስሐ እንደገና መጣ። ዛሬ አላለቀሰም። ወንበሩን ወደ ኢየሩስ ጠጋ አደረገና ጆሮዋ ድረስ ጎንበስ አለ። የእሁዱ ሠርግ ካባዎች ነገር ነው። አራት ናቸው፤ ለሙሽሮቹና ለሁለት ሚዜዎች፤ ባለቤቶቹ ስልክ ላይ ስልክ እየደወሉ አስጨንቀውታል፤ ሐዘን መሆኑ አልጠፋውም፣ ግን ሥራ ሥራ ነው። ከዚያ በርኅራኄ ድምፅ፣ ወደፊት እሷም ብትሆን ቁልፍ መትከል፣ ጠርዝ መዘምዘም የመሰለ ቀላል ቀላሉን ሊልክላት እንደሚችል ነገራት። "ቤት መዋል ለሴት አይከብድም፣ ኢየሩስዬ" አላት።

ኢየሩስ አየችው። ይህን ሰው ባሏ ከሃያ ስድስት ዓመት በላይ ጋሽ ፍስሐ እያለ ጠርቶታል። በሹክሹክታ አልመለሰችለትም።

"ጋሽ ፍስሐ፣ እዚህ የሥራ ቦታ ነው" አለች፤ ቤት ያለው ሁሉ ሰማ። "ደንበኛ የሚስተናገደው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። በዘጠኝ ሰዓት ይምጡ።"

ፍስሐ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ሐዘኑ ጭንቅላቷን እንደነካው ለመናገር በዙሪያው ያሉትን አየ። ማንም አላገዘውም። ጠይብ ግድግዳውን ተደግፎ ፍስሐን ትክ ብሎ ያየዋል። ፍስሐ ወንበሩን ራሱ ወደ ኋላ ገፍቶ ወጣ።

በዘጠኝ ሰዓት ግን መጣ። የመጣበት መኪና መንገድ ላይ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሞ ይጠብቀዋል። እሱም ወደ ውስጥ አልዘለቀም፤ በር ላይ ቆመ። ኢየሩስ ሀያቱ ደግፋት ተነሣችና መጋረጃውን ገለጠች። የእድር ሰዎች የስፌት መኪናውን እንዳለ ገፍተው ጥግ አስይዘው አንሶላ ጥለውበታል። ሦስቱ ካባ አልቆ ታጥፎ በላስቲክ ተቀምጧል። እነሱን ለሀያቱ አቀበለቻት። ከዚያ አንሶላውን አነሣች።

አራተኛው መርፌው ሥር ነበር። ወርቃማው ጠርዝ ትከሻው ድረስ ተሰፍቷል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በስፒል ብቻ የተያዘ ነው። ስፌቱ እስከ መጨረሻው ቀጥ ያለ ነው፤ የትም አልተዛነፈም።

ፍስሐ ከበሩ ላይ ሆኖ አንገቱን አሰገገ። "ያኛው አላለቀም እንዴ?"

"አላለቀም።"

"ታዲያ እንዴት ነው የሚሆነው? እሁድ እኮ ሠርግ ነው።"

"ሰፊው ሞቷል" አለችው። "ትናንት ሲያለቅሱለት ነበር እኮ።"

ኢየሩስ ጨርቁን የያዘውን የስፌት መኪናውን እግር አነሣችና ካባውን ቀስ ብላ ሳበችው። ክሩ ከመርፌው እየተሳበ ተከተላት። ሀያቱ መቀስ ፈልጋ አቀበለቻት፤ ኢየሩስ አልተቀበለቻትም። ጎንበስ ብላ ክሩን ስፌቱ ካቆመበት አጠገብ በጥርሷ በጠሰችው። ካባውን አጥፋ ከሦስቱ ላይ ደረበችና አራቱንም ፍስሐ ክንድ ላይ አስቀመጠችለት። ፍስሐ ሄደ። የመኪናው ድምፅ ወደ መሳለሚያ ራቀ።

የክሩ ቁራጭ ምላሷ ላይ ቀርቷል። ሀያቱ አይታ፣ "ትፊው እንጂ" አለቻት።

ኢየሩስ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። አፏን ገጥማ ፍራሿ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች፤ እየገቡ እግዜር ያጽናሽ ለሚሏት ሁሉ፣ እስኪመሽ ድረስ፣ ከንፈሯን ሳትከፍት ጎንበስ እያለች ብቻ መለሰች።