ነጩ ማዕድ ቤት

ነፃነት ካገባች ጀምሮ አንድም የሥራ ባልደረባዋን ቤቷ ጠርታ አታውቅም። ምክንያቱ ማዕድ ቤቱ ነበር። ሐረር ውስጥ፣ ሐኪም ጋራ ሥር ያለው የባሏ ቤተሰብ ቤት ሳሎኑ ደህና ነው፤ ማዕድ ቤቱ ግን ግድግዳው በጭስ የጠቆረ፣ መደርደሪያው ከተራረፈ ጣውላ የተመታ ነበር። መሥሪያ ቤት ውስጥ ማርታ የምትባል ባልደረባዋ አዲሱን ማዕድ ቤቷን በስልኳ ለሁሉ ስታሳይ፣ ነፃነት “እኛም እያሳደስን ነው” ትልና ወሬ ትቀይራለች።

ዘንድሮ እውነትም ማሳደስ ጀመሩ። ባሏ ሄኖክ በሐረርና በጅጅጋ መካከል የጭነት መኪና ይነዳል። ግንበኛ ቀጥሮ ግድግዳውን አስለሰነ፣ ወለሉን ሴራሚክ አስነጠፈ። የቀረው የኪችን ካቢኔቱ ነበር።

“እኔ መንገድ ላይ ነኝ፤ ከእማዬ ጋር ሄዳችሁ ምረጡ” አላት። “ዋጋው የማይጎዳን፣ ዕቃው የሚበረክት ይሁን። እሷ ታውቅበታለች።”

እናቱ ወይዘሮ ገላነሽ በእርግጥም ያውቁበታል። ባላቸው በልጅነታቸው ሞቶባቸው፣ ሄኖክን ያሳደጉት የሰው ድግስ እየሠሩ ነው። ሠርግ ይሁን ተዝካር፣ ከተማው ውስጥ የእሳቸው ወጥ ያልተቀመሰበት ሰፈር አይገኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ሲነሡ ወይዘሮ ገላነሽ ትልቅ ዘንቢል አንጠልጥለዋል።

“እማዬ፣ ምን ይዘው ነው?”

“ይጠቅመናል፤ ነይ ዝም ብለሽ” አሉ።

በባጃጅ ፈረስ መጋላ ደረሱ፤ ከዚያ ሌላ ይዘው ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ወዳለው የካቢኔት መሸጫ ሄዱ። ባለሱቋ ሱመያ የምትባል ፈገግታ የማይለያት ሴት ናት። ነፃነት ገና ከመግባቷ “የባለቤቴ እናት ናቸው” ብላ አማቷን አስተዋወቀች። ሱመያም “ማሻአላህ፣ እማማ ይቀመጡ” ብላ ወንበር ሳበችላቸው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም። የካቢኔቱን በር መክፈት፣ መሳቢያውን መሳብ፣ ሳንቃውን በጣታቸው ማንኳኳት ጀመሩ።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ዓይነት ካቢኔት አለ። አንደኛው ከውጭ ተገጣጥሞ የመጣ ነጭ ነው፤ ያብረቀርቃል፣ ፊት ያሳያል። ሁለተኛው ከሱቁ ጀርባ የሱመያ አናጢዎች የሚሠሩት ነው፤ ቡናማ፣ ብዙም ዓይን የማይስብ።

“ወላሂ እውነቱን ልንገርሽ” አለች ሱመያ። “ነጩ ያምራል፤ ግን ውስጡ ቺፕውድ ነው፣ ውኃ ከጠጣ ያብጣል። ልኩም የተቆረጠ ነው። የኛ እግሩ ብረት ነው፤ ቤትሽን ለክተን ነው የምንሠራልሽ። ዋጋውም ይቀላል።”

“በርሜሉስ?” አሉ ወይዘሮ ገላነሽ። “ውኃችን በፈረቃ ነው የሚመጣው። በርሜል የማይገባበት ማዕድ ቤት ምን ያደርግልናል?”

“ለሱማ ከሥር ክፍት እንተውልዎታለን፣ እማማ።”

ነፃነት ሁሉንም ሰማች። ዓይኗ ግን ከነጩ ላይ አልተነሣም። የማርታም ነጭ ነው።

ወይዘሮ ገላነሽ ይሄኔ ዘንቢላቸውን ከፈቱና፣ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለውን የድግስ ድስታቸውን አወጡ። ታቹ እንደ ከሰል የጠቆረ ነው። ነጩ ካቢኔት ፊት ቁጢጥ ብለው፣ ነጠላው ወለሉ ላይ እንደ ተዘረጋ፣ ድስቱን ወደ ውስጥ ይገፉት ጀመር። አልገባም። አዘነበሉት፤ አሁንም አልገባም። ነጩ በር ላይ ጥቁር ጭረት ቀረ።

“እማዬ፣ ይተዉት እባክዎ! ሰው ያየናል” አለች ነፃነት በሹክሹክታ።

“ይየን! ዕቃ የሚገዛ ሰው አይለካም እንዴ?”

በዚህ መካከል የሱቁ በር ተከፈተና ማርታ ለማዕድ ቤቷ የቀራትን መደርደሪያ ልታይ ከነባሏ ገባች። “ውይ፣ ነፃነት! አንቺም እዚህ!” ብላ አቀፈቻት። ከዚያ ጭንቅላታቸውን ካቢኔት ውስጥ የቀበሩትን ሴትዮ፣ የጠቆረውን ድስት፣ የተጫረውን በር አየች። ሳቋን እየዋጠች ጠጋ ብላ፣ “እኚህ ደግሞ ማን ናቸው?” አለቻት።

ነፃነት አላሰበችም። ቃሉ ከአፏ አመለጠ።

“እቤት የሚያግዙን ናቸው።”

ድስቱ መንኳኳቱን አቆመ። ወይዘሮ ገላነሽ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ። ነፃነት ‘አልሰሙ ይሆናል’ ብላ ተስፋ አደረገች። እሳቸው ግን ድስቱን በነጠላው ጠቀለሉት፣ ዘንቢሉ ውስጥ መለሱት፤ ወደ ነፃነት ዞረውም አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣

“እትዬ፣ እኔ ውጭ ልጠብቅዎት” አሏትና ወጡ።

ነፃነት መሬት ብትውጣት ደስ ባላት። ሱመያን ለማየት ዓይኗን አነሣች፤ ሱመያ ፈገግታዋ ጠፍቶ የተጫረውን በር በጨርቅ ትወለውላለች። ሁለቱንም ቃል ሰምታለች፤ “የባለቤቴ እናት” ሲባልም፣ “የሚያግዙን” ሲባልም። ብትናገር ይሻል ነበር።

“ነጩን ውሰጂ፤ ያኛው እኮ የድሮ ነው” አለች ማርታ።

“ነጩን” አለች ነፃነት። በቶሎ ከዚያ ለመውጣት ስትል፣ የቤቷን ልክ እንኳ ሳታስተያይ ቀብድ ከፍላ ወጣች።

ባጃጅ ውስጥ ወይዘሮ ገላነሽ ስለ ሽንኩርት መወደድ አወሩ፤ ዘንድሮ ዝናቡ ገጠር ሶፊ ድረስ ደህና መጣሉን አወሩ። ነፃነት ‘ይቅርታ’ ለማለት ደጋግማ አፏን ከፈተች፤ ባጃጁ ሲንገጫገጭ መልሳ ዘጋችው። ሄኖክ ከመንገድ ሲመለስ ‘አሁን ይነግሩታል’ ብላ ልቧ ተንጠለጠለ። እሳቸው ያሉት ይህን ብቻ ነው፦

“ሚስትህ የሚያምር መርጣለች።”

ነጩ ካቢኔት ተገጠመ። እውነትም ያምራል። በርሜሉ መግቢያ አጥቶ በረንዳ ላይ ቀረ፤ ነፃነት ውኃ በጄሪካን ስታመላልስ በፈሰሰ ቁጥር ከሥር ያለው ሳንቃ ማበጥ ጀመረ። የከፋው ግን እሱ አይደለም። ወይዘሮ ገላነሽ ማዕድ ቤቱ በር ላይ ይቆሙና “ልግባ?” ይላሉ። መሳቢያ ከመክፈታቸው በፊት ይጠይቃሉ። በትሕትና፣ ያለ ሽሙጥ ነው የሚጠይቁት። ነፃነት ሽሙጥ ቢሆን ትወድ ነበር፤ ለሽሙጥ መልስ አይጠፋም።

ማርታና ሌሎቹ ባልደረቦቿ “ማዕድ ቤቱን አናይም ወይ?” ብለው ስለ ያዟት፣ ለአንድ እሑድ ምሳ ጠራቻቸው። ለአማቷም አዲስ ቀሚስ ገዛችላቸው። “እሑድ ይህን ለብሰው ሳሎን ይቀመጣሉ” አለቻቸው።

“ያቺ ሱቅ ያገኘናት ባልደረባሽ ትመጣለች?” አሉ ወይዘሮ ገላነሽ።

“ትመጣለች።”

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሌላ ነገር አልጠየቁም። ነፃነትም አልቀጠለችም። የምትለው ነበራት፤ ጊዜውም ነበራት።

እሑድ እንግዶቹ መጡ። ነጩን ማዕድ ቤት እየዞሩ አደነቁ፣ ፎቶ አነሡ። ምሳ ሲቀርብ ወይዘሮ ገላነሽ ከጓዳ ወጡ። የለበሱት አዲሱን ቀሚስ አይደለም። የሥራ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አስረው፣ በአንድ እጃቸው ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው ሳፋ ይዘው፣ ፎጣ ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገዋል። ጎንበስ ብለው ከማርታ ተነሥተው ያስታጥቡ ጀመር። ማርታ እጇን እየታጠበች፣

“ነፃነት፣ ታድለሽ! እንዲህ ያሉ ሠራተኛ ዛሬ ከየት ይገኛል?” አለች።

ነፃነት የያዘችውን ሰሐን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ደጅ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ፤ ሄኖክ ለስላሳ መጠጥ ሊገዛ ወጥቶ መመለሱ ነው። አሁን ይገባል። እናቱን እንዲህ ጎንበስ ብለው ያገኛቸዋል።

“ሠራተኛ አይደሉም” አለች። ድምፅዋ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነባት። “የሄኖክ እናት ናቸው። አማቴ ናቸው። ያን ቀን የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።”

ኋላ ደጋግማ አስባዋለች፦ ይህን ያናገራት እፍረት ነበር ወይስ የባሏ መኪና በር ድምፅ? መልሱን አላገኘችውም።

ማርታ እጇ ውኃ እንዳንጠባጠበ ከመቀመጫዋ ተነሥታ “እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አላወቅኩም” አለችና ማንቆርቆሪያውን ከእጃቸው ልትቀበል ሞከረች። ወይዘሮ ገላነሽ አለቀቁም። ነፃነትን ግን ተቆጥተው አዩዋት። የዋሸች ቀን እንኳ እንዲህ አላዩዋትም።

ሄኖክ ገባ። “ምን ሆናችኋል? እማዬ፣ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?”

“ምንም አልሆንን። እንግዶቻችሁን እያስታጠብኩ ነው” አሉ እናቱ።

ምሳው እንደ ነገሩ ተበላ፤ እንግዶቹም ሳይቆዩ ሄዱ። ነፃነት ሄኖክን ጠርታ፣ እዚያው ነጩ ማዕድ ቤት ውስጥ ቆማ፣ ሁሉንም ነገረችው። አላቋረጣትም። ስትጨርስ፣

“እናቴን በየሰው ቤት ‘አንቺ ሴትዮ’ ሲሏት እየሰማሁ ነው ያደግሁት” አለ። “እዚህ ግን የራሷ ቤት ነው፣ አቦ! የራሷ ቤት!”

ቁልፉን አንሥቶ ወጣ። መሽቶ ቢመለስም ለብዙ ቀን ከ‘እሺ’ እና ከ‘የለም’ በቀር አላናገራትም።

በማግስቱ ነፃነት አማቷ ክፍል ገብታ እግራቸው ላይ ወደቀች።

“ተነሺ” አሉ ወይዘሮ ገላነሽ። “ለሱ ባትነግሪው ነበር ደግ። እኔ ችዬው ነበር። ትዳራችሁ እንዳይናጋ ብዬ ነው የቻልኩት።”

“እማዬ፣ ሠራተኛ ማለቴ…”

“ሠራተኛ መባሉ አይደለም። ኖሬበታለሁ፤ ነውር የለበትም። የከፋኝ ፊትሽ ነው። ያቺ ልጅ ስትገባ እኔን ያየሽበት ፊት። ጠላት እንኳ እንዲያ አያይም።” ክንዷን ይዘው አስነሧት። “ይቅር ብያለሁ። ቢሆንም ፊትሽ እየመጣ ይታወሰኛል፤ ምን ላድርግ?”

ያበጠው ሳንቃ ከክረምቱ በፊት ወለቀ። በነጩ ምትክ ሌላ ካቢኔት አሠሩ፤ የመረጡትም ያዘዙትም ወይዘሮ ገላነሽ ናቸው፤ ነፃነት ከጎናቸው ቆማ ነበር። ሄኖክም ቀስ በቀስ መናገር ጀመረ። ማርታ ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ምንም አላወራችም፤ ነፃነት ግን ኮሪደር ላይ ባገኘቻት ቁጥር ዓይኗን ትሰብራለች።

ከዚያ ወዲህ ነፃነት አንድ ልማድ አወጣች። ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ፣ ቆጣሪ አንባቢም ይሁን ጎረቤት፣ ገና ደጃፉን ሳይረግጥ “የባለቤቴ እናት ናቸው! እናታችን ናቸው!” ትላለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። አንድ ቀን የመጣችው ሩቂያ ነበረች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ወይዘሮ ገላነሽን የምታውቅ የጎረቤት ልጅ። ነፃነት ለሷም እንደ ልማዷ አማቷን አስተዋወቀች።

ሩቂያ ግራ ገብቷት ሁለቱንም አየች። ወይዘሮ ገላነሽ ከተቀመጡበት ሆነው፣

“ቀስ በይ፣ ነፃነት” አሉ። “ታውቀኛለች።”

ነፃነት አንገቷን ደፋች።