የፍቅር ቀን በአውቶቡስ ፌርማታው

የእትዬ ጽጌ እናት ደብረ ሲና ላይ ያረፉት ማክሰኞ ነው። ለንደን ያለነው የአገር ሰዎች ያንኑ ዕለት ማታ ሰማን። እትዬ ጽጌ ግን እስከ ቅዳሜ ጠዋት አልሰሙም።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ይህ የትም የተጻፈ ሕግ አይደለም፤ ቢሆንም ሲጣስ አላየሁም። ሟች አገር ቤት ከሆነ ዘመድ የሚደውለው ለእድሩ እንጂ ለሐዘንተኛው አይደለም። እድሩ ሰው አሰባስቦ ጎህ ሲቀድ በር ያንኳኳል። ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሰማ፣ ቢወድቅም የሚይዘው እንዲኖር ነው። የእትዬ ጽጌ የአክስት ልጅም ይህን ያውቃል። ስህተቱ፣ ጥንቃቄ መስሎት ለሁለት እድር መደወሉ ነው።

እድሩ ቀድሞ አንድ ነበር። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ለሁለት ተከፈለ። ማን ትክክል ነበር የሚለውን እዚህ አላነሳም፤ ሁለቱንም ወገን ለሰዓታት አዳምጫለሁ፣ ሁለቱም የሚሉት አላቸው። ቶተንሃም የቀሩት ትልልቆቹን ድስቶች ያዙ፤ ወደ ሃክኒ የሄዱት ወንበሮቹን ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ የቶተንሃም ለቅሶ ላይ ሰው ትኩስ ወጥ ቆሞ ይበላል፤ የሃክኒ ለቅሶ ላይ ደግሞ ከየቤቱ በትንንሽ ድስት የመጣ ቀዝቃዛ ወጥ ተቀምጦ ይበላል።

ከሁለት ዓመት በፊት ሁለቱም እድሮች ለአንድ ሰው መርዶ ሄደው ደረጃ ላይ ተገናኙ። ማን ቀድሞ ይግባ በሚል ተጨቃጨቁ። ሰውየው የወንድሙን ሞት የሰማው በተዘጋ በር፣ ከጭቅጭቃቸው መሐል ነው። ሁለቱም አፈሩ። ከዚያ በኋላ ተፈራረሙ፦ ቶተንሃምን በሚያስተዳድረው በሃሪንጌ ካውንስል ክልል ያለ ሐዘንተኛ የቶተንሃሞቹ ነው፣ በሃክኒ ካውንስል ክልል ያለ የሃክኒዎቹ፤ አንዱ ወደ ሌላው ክልል ለመርዶ አይሻገርም። ጥሩ ስምምነት ነበር፤ እስከዚያ ሳምንት ድረስም ሠርቷል።

እትዬ ጽጌ ለስምንት ዓመት የኖሩት በሃሪንጌ በኩል ነው፤ ስማቸውም ያለው በቶተንሃም መዝገብ ላይ ነው። በመጋቢት የቤት ማኅበሩ ሌላ ፍላት ሰጣቸው። አዲሱ ፍላት ያው መንገድ ላይ፣ ፊት ለፊት ነው፤ ግን የመንገዱ አንዱ ዳር የአንዱ ካውንስል፣ ሌላው ዳር የሌላው ነው። አልጋቸውን ያሻገርኩት እኔ ስለሆንኩ ርቀቱን አውቀዋለሁ። መቶ እርምጃ አይሞላም።

የቶተንሃሙ ሊቀመንበር ጋሽ ሐብታሙ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ አውቶቡስ ይነዳሉ። እሳቸው የሚሉት፣ ስሟ እኛ ጋ ነው፣ መዝገብ ይናገራል ነው። የሃክኒው አቶ ዓለምሰገድ ገበያ ላይ ጨርቅ ይሸጣሉ። እሳቸው ደግሞ፣ ስምምነቱ የሚለው የምትኖርበት እንጂ የተመዘገበችበት አይደለም ይላሉ። ሁለቱ ቀድሞ አንድ ክፍል ተከራይተው የኖሩ፣ ሐብቴ ዓለሜ የሚባባሉ ሰዎች ነበሩ። አሁን የግድ መነጋገር ሲኖርባቸው እርስዎ ይባባላሉ። ረቡዕ አለፈ። ሁለቱም አልሄዱም፤ የከለከላቸው ግን ክፋት አልነበረም። ያ ደረጃ ትዝ ይላቸዋል።

እኔ በዚያ ዓመት የማስተርስ ጽሑፌን እየሠራሁ ነበር። ርዕሱ በመካከለኛው ዘመን በዌልስና በእንግሊዝ መካከል የነበሩት የድንበር ግዛቶች ነው። እያንዳንዱ የድንበር ጌታ የራሱ ግንብ፣ የራሱ ፍርድ ቤት፣ የራሱ የወንጀለኛ መስቀያ ነበረው። የእንግሊዝ ንጉሥ ትእዛዝ እዚያ አይሠራም። ሌባ ላም ነድቶ ጅረት ከተሻገረ አሳዳጁ ጅረቱ ዳር ይቆማል፤ ማዶው የሌላ ጌታ አገር ነው። ነገሩ ሲከፋ ጌቶቹ ቀን ይቀጥራሉ። ማንም ወደ ማንም ሳይገባ ድንበሩ ላይ፣ ብዙ ጊዜም ወንዝ መሻገሪያ ላይ፣ ሰዎቻቸውን አሰልፈው ይነጋገራሉ። እንዲህ ያለውን የእርቅ ቀጠሮ የዘመኑ ሰዎች የፍቅር ቀን ይሉት ነበር። አስተማሪዬ ስለ ጌቶቹ እንድጽፍ ይፈልግ ነበር። እኔን የሳበኝ ግን ጅረቱ ዳር ቤት ሠርቶ የሚኖረው ሰው ነው፤ ከሁለቱም ወገን የሚጠብቀው እንዳለ የሚነገረው፣ ላሙ በተነዳችበት ቀን ግን ማን ጋ እንደሚጮህ የማያውቀው።

ሐሙስ ማታ እትዬ ጽጌ ከካውንስል የመጣ ደብዳቤ እንዳነብላቸው ጠሩኝ። ደብዳቤው ስለ ቆሻሻ መውጫ ቀን ነበር። ጠረጴዛው ላይ ለእናታቸው የገዙት ወይን ጠጅ የሱፍ ሹራብ ተዘርግቷል።

«ቁልፍ ያለው ስፈልግ ነው የከረምኩት» አሉኝ። «እማዬ በራስ የሚጠለቅ አትወድም፣ ያፍናታል። ክንዴ ላይ ያለው ሕመም አስቸግሮኛል፣ እስቲ አንተ እጠፈው።»

አጠፍኩት። ሳሚር የሚባል፣ በለንደን ደቡብ ጫፍ ክሮይደን የሚኖር ልጅ ቅዳሜ ማታ ወደ አዲስ አበባ እንደሚበር፣ ጠዋት ወስደው እንደሚሰጡት ነገሩኝ። አገር ቤት ለመደወል ሦስት ቀን ሞክረው የሚያነሳ እንዳጡም ነገሩኝ፤ ጥፋቱን ያደረጉት በስልክ ካርዱ ላይ ነው። ከዚያ ፊቴን አይተው፣ ፈተና ወደቅህ እንዴ ብለው ሳቁብኝ። ደክሞኝ ነው አልኩ።

ከዚያ በቀጥታ የሄድኩት አጎቴ ጋ ነው። ሳሚር ደብረ ሲና ደውሎ ሹራቡን ማን ይቀበለኛል ሲል የሚያገኘውን መልስ አስረዳኋቸው። ያንን መልስ ይዞ ወደ እትዬ ጽጌ ሲደውል እሳቸው ምናልባት አውቶቡስ ላይ፣ ምናልባት የሚያጸዱት ቢሮ ውስጥ፣ ብቻቸውን ይሆናሉ። ከቅዳሜ ማለፍ የለበትም አልኩ። ከዚያ ስለ ድንበር ጌቶች ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«የፍቅር ቀን?» አሉ። «ቀይ አበባ ይዤ ልምጣ?»

አቶ ዓለምሰገድ በማግስቱ ጨርቅ እያጠፉ ነው ያዳመጡኝ። ይህን ለመማር ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ጠየቁ። አራት አልኳቸው።

«ሁለት አገር ሲጣላ ሽማግሌ ድንበር ላይ እንደሚቀመጥ አባትህን ብትጠይቀው በአንድ ከሰዓት ይነግርህ ነበር» አሉ። ግን እንደ አጎቴ እሳቸውም እሺ አሉ።

ቦታውን የመረጥኩት በካርታ ነው። ድንበሩ በመንገዱ መሐል ያልፋል። አንድ ቦታ ላይ፣ ከእትዬ ጽጌ ፍላት ትንሽ ወረድ ብሎ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት የአውቶቡስ ፌርማታዎች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ መሐላቸው እግረኛ የሚቆምበት ጠባብ ደሴት አለ። የወንዝ መሻገሪያ ይመስላል። ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እንገናኝ ተባለ። እዚያ ተስማምተን በእግር እንሄዳለን፤ እትዬ ጽጌን ከእንቅልፋቸው እንቀሰቅሳለን። ከቶተንሃም አካባቢ ክሮይደን ለመድረስ ስንት ሰዓት መነሳት እንደሚያስፈልግ አላሰብኩም።

ሰኔ ስለነበር ሲደርሱ ነግቷል። ቶተንሃሞቹ ሰባት ሆነው በራሳቸው ፌርማታ ቆሙ፤ ሃክኒዎቹ ስድስት ሆነው በወዲያኛው። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል፤ ሴቶቹ ከካፖርታቸው ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደርበዋል። አንድ ባዶ አውቶቡስ መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ጠበቀ፤ ማንም ስላልገባ ዘግቶ ሄደ። ሁለቱ ሊቀመናብርት ደሴቷ ላይ ወጡ፤ እኔም መሐላቸው ቆምኩ።

አብሮ ለመግባት ወዲያው ተስማሙ። ያላስማማቸው ቃሉን ማን ይናገር የሚለው ነው፤ መርዶውን የተናገረ እድር ሐዘንተኛዋ የእሱ መሆኗን አስመሰከረ ማለት ነው። እኔ ልናገር አልኩ። መርዶ በልጅ አፍ አይነገርም አሉኝ፤ በዚህኛው ሁለቱም አንድ ነበሩ። አጎቴ ዕጣ እንጣል አሉ። አቶ ዓለምሰገድ፣ በሰው እናት ዕጣ አይጣልም አሉ፤ እውነታቸውን ነው። በመጨረሻ ንግግሩን ለመካፈል ተቃረቡ፦ አቶ ዓለምሰገድ የእትዬ ጽጌን ስም ጠርተው እግዚአብሔር ያጽናሽ ይላሉ፣ ጋሽ ሐብታሙ ደግሞ የሞቱት ማን እንደሆኑ ይናገራሉ።

«ይህ ከሆነ የከበደውን ተሸከምኩ ማለት ነው» አሉ አጎቴ።

«እርስዎ መዝገቡ አለኝ ሲሉ አልነበረም?» አሉ አቶ ዓለምሰገድ።

የፍላቱ በር የተከፈተው ያኔ ነው።

እትዬ ጽጌ ሻንጣ ይዘው ወጡ። ሻንጣው ስላልተዘጋ የሹራቡ እጅጌ ይታያል። መጀመሪያ ያዩት በፌርማታቸው የቆሙትን ሃክኒዎች ነው። አሁን ሰፈርተኞቻቸው ስለሆኑ በአንገታቸው ሰላም አሏቸው፤ አንዲት ሴት አቀረቀረች። ከዚያ ወደ መንገዱ ማዶ አዩ፤ ቶተንሃሞቹ ቆመዋል። ከዚያ ደሴቷን አዩ። እነዚህን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው ለመጨረሻ ጊዜ ያዩዋቸው ከምርጫው በፊት ነው። ቃሉን የተናገረው ሌላ ምንም ነገር አይደለም፤ አብረው መቆማቸው ነው።

ሻንጣውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«እማዬ ናት?» አሉ።

ማን እንደሚመልስ ገና አልተወሰነም ነበር። አጎቴ ወደ አቶ ዓለምሰገድ አዩ፤ አቶ ዓለምሰገድ ወደ አጎቴ።

«መቼ?» አሉ እትዬ ጽጌ።

«ማክሰኞ» አልኩ እኔ።

ወደ ደሴቷ ሊመጡ ሲራመዱ ተንገዳገዱ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከደሴቷ ዘለው ወረዱ፤ አንድ መኪና ጡሩንባውን ነፋ።

«ያዛት ሐብቴ፣ በዚያ በኩል ያዛት» አሉ አቶ ዓለምሰገድ።

ሴቶቹ ከሁለቱም ዳር እየጮሁ መጡ። የመንገዱ መሐል የት እንደሆነ ያን ጊዜ ያየ የለም።

ሦስት ቀን ሙሉ በዚያ ፍላት ሰው ተቀምጦ ትኩስ ወጥ በላ። በአራተኛው ቀን ወንበሮቹ ወደ ሃክኒ፣ ድስቶቹ ወደ ቶተንሃም ተመለሱ። እድሮቹ ዛሬም ሁለት ናቸው። እኔም ጽሑፌን በመስከረም አስረከብኩ፤ ስለ ፍቅር ቀን የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ምንም አልጨመርኩም።

ከለቅሶው ሁለት ሳምንት በኋላ እትዬ ጽጌ እንደገና ደብዳቤ አንብብልኝ ብለው ጠሩኝ። ሹራቡ እንደታጠፈ ወንበር ላይ ነበር።

«ሐሙስ ዕለት ይህን ስታጥፍልኝ ታውቅ ነበር?»

አውቅ ነበር አልኳቸው።

ሹራቡን አንስተው እጥፋቱን ዳሰሱ። እሳቸው ከሚያጥፉት አሳምሬ እንዳጠፍኩት ነገሩኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«አገር ቤት አንድ ወንድም ቀርቶኛል» አሉ። «የእሱ ቀን ሲመጣ ድንበር አትፈልግ፣ ሰው አትሰብስብ። ሰምተህ አንድ ሰዓት ሳታቆይ አንተው ንገረኝ። በስልክም ቢሆን።»

እሺ አልኩ። ፖስታውን ቀድጄ ደብዳቤውን አነበብኩላቸው።