አንድ ስንዝር የመዳብ ሽቦ

የሥራ ባልደረቦቿ «ፊውዝ» ይሏታል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ቶሎ ስለምትቃጠል ነው። የተዝረከረከ ሽቦ ካየች አለቃ አትል፣ እንግዳ አትል፣ ትጮሃለች። ጮሃ ስትጨርስ ደግሞ ራሷ ቁጭ ብላ ታስተካክለዋለች። ሃምሳ ልትደፍን ሁለት ዓመት ይቀራታል። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ከአባቷ ጋር ነው።

የድሮው የባቡር ጋራዥ ሙዚየም ሊሆን ነው ሲባል ከሁሉ ቀድማ «እኔ እሠራለሁ» ያለችው እሷ ናት። ጋራዡ ፊት ለፊት ትልቅ ክብ ጉድጓድ አለ። ከጉድጓዱ መሐል፣ በአንድ ወፍራም ምሰሶ ላይ፣ ሐዲድ የተነጠፈበት የብረት ድልድይ ተቀምጧል። ባቡሩ ድልድዩ ላይ ይወጣል፤ ድልድዩ ከነባቡሩ ይዞራል፤ ባቡሩም ፊቱን ወደ መጣበት መልሶ ይወርዳል። የዱሮ ባቡር የኋሊት ጉዞ አይሆንለትም ነበርና ያለ ማዞሪያ ኑሮ አልነበረውም። ይህንን ማዞሪያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያዞሩት አባቷ ናቸው።

«አባዬ፣ ማዞሪያህን ከእንቅልፉ ልቀሰቅሰው ነው» አለቻቸው ሥራውን ያገኘች ዕለት።

አባቷ ዓይናቸውን ከጋዜጣው አላነሱም። «የተኛን ነገር ምን አስቀሰቀሰሽ?» አሉ። የሽማግሌ ቀልድ መሰላትና ሳቀች።

ማዞሪያው ለምን እንደቆመ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት፣ አንድ ጠዋት፣ አንድ ባቡር ነጂ ድልድዩ ሳይቆለፍ ባቡሩን ነድተው ገቡበት። ድልድዩ ሸሸ፤ የባቡሩ የፊት ጎማዎች ጉድጓዱ ውስጥ ወደቁ፤ ነጂው ዳሌያቸው ተሰበረ። ኮሚቴ ተቋቋመና «መብራት ሳይሰጣቸው ገብተዋል» ብሎ ፈረደባቸው። ከሥራ ተባረሩ። እሳቸው ግን ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም «አረንጓዴ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ» ሲሉ ኖሩ። ከዚህ የተነሳ ሰፈሩ ስማቸውን ትቶ «አረንጓዴ» ብሎ ጠራቸው። እያነከሱ ሲያልፉ ልጆች ከአጥር ኋላ «አረንጓዴ! አረንጓዴ!» ይላሉ። ፊውዝም ያኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከጓደኞቿ ጋር አብራ ስቃለች።

ሥራው በጽዳት ተጀመረ። ከጉድጓዱ ውስጥ ሦስት መኪና አፈርና አንድ የበለስ ዛፍ ወጣ። በያጁ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው፣ ዝገቱን እየፋቀ «ይሄን እንኳ ባንነካው፤ እሱም ቅርስ ነው» ይላል። ወጣቱ ኢንጂነር ደግሞ አንድ ሕግ አወጣ፤ ማንኛውም የድሮ ዕቃ ሳይነቀል በፊት ፎቶ ይነሣል፣ መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

ፊውዝ ከመሐሉ ምሰሶ ጀመረች። ኤሌክትሪኩ ከመሬት ሥር መጥቶ በምሰሶው ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። ድልድዩ ሲዞር ሽቦው እንዳይጠመዘዝ፣ የዱሮ ሰዎች ምሰሶው ላይ ሦስት የመዳብ ቀለበቶች አጥልቀው፣ በቀለበቶቹ ላይ ካርቦን እንዲንሸራተት አድርገዋል። ድልድዩ ሺህ ጊዜ ቢዞር ኃይሉ አይቋረጥም። ቀለበቶቹን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ፊቷ እስኪታይባቸው ድረስ ወለወለቻቸው። ካርቦኑን ቀየረች፤ ኬብሉን አዲስ ዘረጋች። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ድልድዩ ጫፍ፣ ወደ መቆለፊያው ደረሰች።

መቆለፊያው ክንድ የሚያህል የብረት መቀርቀሪያ ነው። ድልድዩ ከውጭው ሐዲድ ጋር ሲገጥም ይገፉትና ጉድጓዱ ከንፈር ላይ ያለው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ከጎኑ፣ በብረት ሳጥን ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ ማብሪያ አለች። አዞሪው መቀርቀሪያውን ካስገባ በኋላ ድልድዩ ላይ ካለችው የመቆጣጠሪያ ጎጆ ሆኖ የአረንጓዴውን መብራት ቁልፍ ይጫናል። መቀርቀሪያው በደንብ ካልገባ ግን ይቺ ማብሪያ አትገናኝም፤ ሰውዬው ጣቱ እስኪያልቅ ቢጫን መብራቱ አይበራም። ሰው ቢሳሳት ሳጥኗ አትሳሳትም፤ የተሠራችው ለዚሁ ነው።

የሳጥኑን አራት ብሎኖች ዝገት በልቷቸው ነበርና ዘይት ጠጥተው አደሩ። በማግስቱ ከፈተችው። ከማብሪያዋ አንደኛው ጫፍ ወደ ሌላኛው አንድ ስንዝር የመዳብ ሽቦ ታስሯል። መቀርቀሪያው ገባ አልገባ መብራቱ ይበራል ማለት ነው።

«ማነው ይሄ አህያ!» ብላ ጮኸች። በያጁ ማስኩን ገልጦ ዞሮ አያት።

ወዲያው የሽቦውን ጫፍ አየችው። ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ ተጠምጥሞ፣ ጫፉ ወደ ኋላ ታጥፎ፣ በፒንሳ ጥብቅ ተደርጓል። በዘጠኝ ዓመቷ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው ይህንን የተማረችው። «ጫፉን እጠፊው፤ ከአንቺ በኋላ የሚመጣውን ሰው እጅ እንዳይወጋ» ብለዋት ነበር አባቷ። እሷም እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው የምታስረው። ከእሷና ከአባቷ በቀር እንዲህ የሚያስር ሰው አይታ አታውቅም።

«ምን አገኘሽ?» አለ በያጁ።

ሳጥኑን በጀርባዋ ከለለችው። «የሸረሪት ድር» አለችው።

በስልኳ አንድ ፎቶ አነሣች፤ መዝገብ ላይ ግን አላሰፈረችውም። ሳጥኑን መልሳ ዘጋችው። የዚያን ዕለት ማንም ላይ አልጮኸችም፤ በያጁም «አሞሻል እንዴ?» እያለ ሲጠይቃት ዋለ። ቤት ገብታ አባቷን ቀና ብላ ማየት አቃታት። ሦስት ቀን ሙሉ ነገሩን ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። ምናልባት ከአደጋው በኋላ የታሰረ ይሆን? ኤሌክትሪኩ የተቆረጠው ግን ያንኑ ዕለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። ምናልባት አለቃ አዟቸው ይሆን? ምናልባት፣ ምናልባት እያለች ቅዳሜ ደረሰ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቷ የጎረቤት ካውያ ፈታተው ይጠግኑ ነበር። ስልኩን ከፊታቸው አስቀመጠችው። መነጽራቸውን አጠለቁ። ምንድን ነው ብለው አልጠየቁም። ረዘም ላለ ጊዜ ካዩት በኋላ፣

«አልበሰበሰም» አሉ።

«መዳብ ነው፤ አይበሰብስም።»

ካቻቢቴውን አስቀመጡ። «ዝናብ በገባ ቁጥር ያቺ ማብሪያ ውኃ ትጠጣለች። መቀርቀሪያው ገብቶም መብራቱ እምቢ ይላል። አረንጓዴ ካላዩ ነጂዎቹ አይነቃነቁም፤ አለቃው ይጮሃል። መለዋወጫ ጠየቅሁ፤ በሳምንት ይመጣል አሉ። ለአንድ ሳምንት ብዬ አሰርኳት። መቀርቀሪያውን እንደሆነ በዓይኔ እያየሁ ነው የማስገባው፣ ምን ይመጣል ብዬ።»

«ሳምንቱስ?»

«ሰባት ወር ሆነ። ሰው ይለምዳል፤ ሲለምድ ይረሳል። ያን ቀን ጉንፋን ይዞኝ ዓይኔ ያለቅሳል። መቀርቀሪያውን ገፋሁት፤ ለካ ጠጠር ገብቶበት ኖሮ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል። አላየሁም። አረንጓዴውን አበራሁ።»

«ኮሚቴውስ?»

«ኮሚቴው ጥፋተኛ ሰው ሊፈልግ እንጂ ሳጥን ሊከፍት አልመጣም። ‹አብርተህለት ነበር?› አሉኝ። ‹አላበራሁም› አልኩ። አንዲት ቃል ናት። እናትሽ ታማ ተኝታለች፤ አንቺ ፈተና ላይ ነሽ... ይሄን ሰበብ አትበይው። ሰበብ ነው ግን።»

ፊውዝ አልጮኸችም። «‹አረንጓዴ› እያልን ስንስቅባቸው እኮ ትሰማን ነበር» አለች ቀስ ብላ። «አንድ ቀን እንኳ ዝም በይ አላልከኝም።»

«ብዬሻለሁ። አንድ ቀን። ‹ለምን?› ስትዪኝ መልስ አጣሁ።»

ከዚያ አባቷ፣ ልመና በማይመስል ድምፅ፣ «ብትቆርጪውና ብትጥዪውስ?» አሉ።

«የሚመጣው ሰው እጅ እንዳይወጋ ያልከኝ አንተ ነህ፣ አባዬ። ሰኞ መዝገብ ላይ አሰፍረዋለሁ። ከዚያ በፊት ካንተ አፍ ቢሰሙት ይሻላል።»

እሑድ አብረው ሄዱ። ባቡር ነጂው የሚኖሩት ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ፣ ከልጃቸው ጋር ነው። ልጃቸው በር ከፈተችላቸው። ሽማግሌው ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ተቀመጡ ቢባሉም የፊውዝ አባት አልተቀመጡም። እንደቆሙ፣ ምንም ሳያስቀሩ፣ ከሽቦዋ እስከ ኮሚቴው ተናገሩ።

ነጂው ሰምተው ሲጨርሱ «አረንጓዴ ነበር?» አሉ።

«አረንጓዴ ነበር።»

«ቆይ።» ልጃቸውን ተጣሩ። «ነይ እዚህ ቁሚ። በል ድገመው።»

«አረንጓዴ ነበር። እኔ ነኝ ያበራሁልህ።»

ነጂው ራሳቸውን ነቀነቁ። «መጀመሪያ የጠላሁት እናንተን ነበር» አሉ። «በኋላ ግን ሰው ሁሉ አንድ ቃል ሲሆንብኝ ዓይኔን ጠረጠርኩት። ሐኪም ቤት ሄጄ ቀለም አስለየሁት። ደህና ነህ አሉኝ፤ ሐኪሙንም አላመንኩት። መንገድ ስሻገር አረንጓዴው ፊቴ በርቶ እያየሁት፣ ‹በርቷል ወይ?› ብዬ ሰው እጠይቃለሁ። ዛሬም እጠይቃለሁ። ይቺን ልጅ ጠይቃት።» ልጃቸው አንገቷን ደፋች። «ስለ ዳሌዬ ይቅር እልሃለሁ፤ አጥንት ነው። ስለዚህኛው ግን ዛሬ አልችልም። ሂድልኝ።»

«ሌላ ቀን ልምጣ?»

«እንጃ።»

በመልስ መንገድ ላይ መሻገሪያው ጋ ሲደርሱ አባቷ ክንዷን ያዙ። እሷም አልነጠቀቻቸውም፤ አላቀፈቻቸውምም።

ሰኞ ለኢንጂነሩ ሁሉንም ነገረችው፤ ሽቦዋንም አሳየችው። ወጣቱ ራሱን አከከ። «ይሄ ለበላይ አካል መጻፍ አለበት። አባትሽ ናቸው እኮ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

«ጻፍ። የጻፍከውን ግን አንብቤ ነው የምትልከው» አለችው። አባቷም መጥተው ቃላቸውን ሰጡ፤ በእያንዳንዱ ገጽ ፈረሙ። የባቡር ድርጅቱ ጽሕፈት ቤት ሰንፎ አምስት ወር ቢፈጅበትም በመጨረሻ ለነጂው ደብዳቤ ጻፈላቸው፤ የያኔው ውሳኔ ተሽሯል፣ ጥፋት የለብዎትም የሚል። ልጃቸው ደብዳቤውን ጮክ ብላ ሁለት ጊዜ እንዳነበበችላቸው፣ ሦስተኛውን ራሳቸው እንዳነበቡት ተወራ።

በእነዚያ ወራት ፊውዝ መቆለፊያውን እንደ አዲስ ሠራችው። በአንድ ማብሪያ ፈንታ ሁለት አደረገች፤ ሁለቱ ካልተስማሙ መብራት የለም። የሳጥኑን ክዳን በወፍራም መስተዋት ቀየረችው፤ ውስጡን ያለፈ ያገደመ ሁሉ ያየዋል። ኢንጂነሩ «ከድሮው ጋር አይመሳሰልም» ብሎ ሊከራከር ሲል በያጁ ክንዱን ጎሸም አደረገው፤ እሱም ተወው።

የሙከራው ዕለት ነጂው ከልጃቸው ጋር መጡ። ባቡሩን የሚነዳው ሌላ ሰው ነው፤ እሳቸው ግን ከጎኑ እንዲቀመጡ ተፈቀደላቸው። ፊውዝ ሞተሩን አስነሣች። ድልድዩ መጀመሪያ አቃሰተ፣ ከዚያ ያለ ድምፅ ማለት ይቻላል፣ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ቀስ እያለ ዞሮ ከሐዲዱ ገጠመ። መቀርቀሪያው ገባ፤ መብራቱ በራ። ነጂው በባቡሩ መስኮት አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ልጅት፣ አንቺ አይተሽዋል?» አሏት።

«አይቻለሁ። እርስዎስ?»

መብራቱን ደግመው አዩት። «እኔም አይቻለሁ» አሉና ለሾፌሩ «ንዳ» አሉት።

አባቷ ያን ቀን አልመጡም። እሑድ እሑድ ግን ወደ ልብስ ሰፊው ጓሮ መሄዳቸውን አላቆሙም። በሄዱ ቁጥር የነጂው ልጅ በሩ ላይ ይቅርታ ጠይቃ ትመልሳቸው ነበር። ከሙከራው በኋላ በሦስተኛው እሑድ ግን ቆይተው መጡ። ፊውዝ ራት አቅርባ ትጠብቃቸው ነበር።

«ይቅር አሉህ?»

«ኧረ እኔ እንጃ!» አሉ አባቷ ጫማቸውን እያወለቁ። «ስለ ጉልበት ሕመም ነው ያወራነው። ስወጣ ግን ‹የተቀመጥክበት ወንበር እግሩ ይነቃነቃል፤ ስትመጣ ሚስማር ይዘህ ና› አለኝ።»