ከውጭ የሚታሰር በር

ይገረም ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ መዝጊያውን ሲፈልግ፣ አስናቀው ደግሞ ውጭ ቆሞ ገመዶቹን አንድ በአንድ ያስርለት ነበር። እንግዳ ማክበሩ ነው። አምስቱንም ቋጥሮ ሲጨርስ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ሥራውን አየ። ሸራው ከውስጥ ሁለት ጊዜ ተወዛወዘ።

"ጋሼ አስናቀው፣ ከውስጥ በየት በኩል ነው የሚዘጋው?"

"ዘግቼልሃለሁ፤ አትቸገር።"

"እሱማ ገባኝ። እኔ ልዝጋው ብልስ?"

አስናቀው የበሩን ጠርዝ በእጁ ዳሰሰ። ከውስጥ የሚዘጋ ነገር እንዳላበጀለት ያወቀው ያኔ ነው።

የቆሙት መርካቶ፣ ከጭድ ተራ ጀርባ፣ አይሱዙዎች ጭነት የሚያራግፉበት ገላጣ ቦታ ላይ ነው። ይገረም መኪና ተከራይቶ የመጣው አሥራ ሁለት ድንኳን ሊጭን ነበር። ከደብረ ዘይት ወዲያ፣ ሐዲዱ ተነስቶ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ በሆነው የድሮ ባቡር መስመር ዳር ካምፕ ከፍቷል። ሁለት አሮጌ አውቶብሶች ወንበራቸው ወጥቶ አልጋ ተገጥሞላቸዋል፤ አውቶብስ ያልደረሰው እንግዳ ድንኳን ውስጥ ያድራል። አስናቀው ይህን የሰማ ቀን፣ ቤት ያለው ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሜዳ ላይ የሚያድርበት ምክንያት ፈጽሞ አልገባውም። ቢሆንም ሥራውን በደስታ ነው የተቀበለው።

ድንኳን ሲሰፋ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። የአካባቢው እድር ሁሉ ያውቀዋል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ማንም ከውስጥ ዘግቶ አይተኛም፤ ለቀስተኛው እስኪያልቅ በሩ ክፍት ነው፣ ሲያልቅ የእድሩ ሰዎች ከውጭ ይቋጥሩታል። እጁ የለመደው ይህን ነው። ይገረም ለናሙና በላከለት ፎቶ ላይ የድንኳኖቹ በር ወደ ጎን ተሰብስቦ ስለነበር አዘጋጉ አይታይም። እሱም አልጠየቀም። የሚጠየቅ ነገር እንዳለ በምን ያውቃል?

አጠገቡ ክርና ዚፕ የምትሸጠው ፈሪዳ ግን ጠይቃው ነበር። አሥራ ሁለት ድንኳን ያለ አንድ ዚፕ እንዴት ይሆናል ብትለው፣ ዚፕ ለሱሪ ነው ብሎ አሳቃት። ሳምንቱን ሙሉ ያቺን ቀልድ ላገኘው ሰው ሁሉ ሲደግማት ከረመ።

እነዚህ ከተወደዱ ይገረም ሠላሳ ሌላ ሊያዝ ቃል ገብቷል። ሠላሳው ከመጣ ሁለተኛ የስፌት ማሽን ይገባል፤ ማሽኑ ላይ የምትቀመጠው ደግሞ ልጁ ሩታ ናት። አስናቀው እናቷ ካረፈች ወዲህ ከዚህች ልጅ ሌላ ሰው የለውም። እሷ ግን ለሰው ቤት ሥራ ወደ ዓረብ አገር የምትሄድበት ቪዛ ወጥቶላታል፤ ኤጀንሲው ፓስፖርቷን ነገ ጠዋት ይፈልጋል። ከስንት ልመና በኋላ እስከ ዛሬ ሐሙስ ልትጠብቀው ተስማምታ፣ ፓስፖርቱን አምጥታ በማሽኑ መሳቢያ ውስጥ አኖረችው።

"ድንኳንህ ካለፈ እዚሁ ይቀመጥ" ነበር ያለችው። "ካላለፈ ግን አባዬ፣ ራስህ ነህ አውጥተህ የምትሰጠኝ።"

አሁን ገመዱን መፍታት ከማሰሩ ይልቅ ረጅም ጊዜ ወሰደበት። የእሱ ቋጠሮ ነዋ፣ ንፋስም አይፈታውም። ይገረም ላቡን እየጠረገ ሲወጣ፣ ከራጉኤል በኩል የመጡ አንዲት እናት ድንኳኑን አይተው ቆሙ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጠጋ አሉ።

"እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ማን ነው ያረፈው?"

"ማንም አልሞተም እናቴ። ለሽርሽር ነው" አላቸው ይገረም።

ሴትዮዋ ድንኳኑንና ይገረምን እያፈራረቁ አዩ፤ የዘንድሮ ሰው ምን ነካው እያሉ ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። ድንኳኖቹን ሊጭኑ የቆሙት ተሸካሚዎች ሳቁ። አስናቀውም ከእነሱ ጋር ሊስቅ ሞክሮ ነበር።

"ስፌትዎ ግሩም ነው ጋሼ፣ እሱን አልልም" አለ ይገረም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ግን ሰው ሊተኛበት እኮ ነው። ሌሊት ሽንቱ ቢመጣ ማን ይፈታለታል? ጅብ ቢመጣስ፣ በምን ይዘጋል?"

"እስከ ማክሰኞ ስጠኝ። ለሁሉም ዚፕ አደርግላቸዋለሁ።"

"እንግዶቹ ነገ ከሰዓት ይገባሉ።"

"አራቱን ለነገ ላድርስልህ።"

"ለሃያ አራት ሰው አራት ድንኳን?"

ይገረም ክፉ ልጅ አይደለም። ቀብዱን ይመልሱልኝ እንደማይል ነገረው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ እዚያው ፊቱ ደወለ፤ ከውጭ የመጣ፣ በከረጢት የሚታጠፍ ድንኳን የሚሸጥ ሰው አገኘ። ሱቁ ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ መርካቶ፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው።

"የሠላሳውስ ነገር?" አለ አስናቀው።

"እንደዋወላለን ጋሼ።"

መርካቶ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ ሰው እንደዋወላለን ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። አይሱዙው ባዶውን ሄደ። ተሸካሚዎቹ ድንኳኖቹን ወደ ሱቁ መልሰው ከማሽኑ አጠገብ ከመሩለት። ከክምሩ ጎን ቁጭ እንዳለ ሩታ ደወለች።

"አባዬ፣ ጫነ?"

"ሄደ።"

"ጭኖ?"

በስልኩ ውስጥ የታክሲ ረዳት ሲጣራ ይሰማል።

"እሺ" አለች ሩታ ቆይታ። "ምሳ በልተሃል?"

"በልቻለሁ" አለ፤ አልበላም።

"በአሥራ አንድ ሰዓት እመጣለሁ። እንዳታለቅስ ደግሞ።"

"እኔ ድንኳኑን ነው የምሰፋው። የሚያለቅሱት ሌሎች ናቸው።"

ሩታ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ሲቆረጥ ስልኩም ተዘጋ።

መሳቢያውን ከፍቶ ፓስፖርቱን አወጣው። ጠፋ ማለት ይቻላል። መርካቶ ውስጥ ዕቃ ጠፋ ቢባል ማን ይደነቃል? ሌላ እስኪወጣ ወራት ይፈጃል፤ በወራት ውስጥ ደግሞ ሥራ ሊመጣ ይችላል። እዚያ አገር እመቤቶቹ ሲወጡ ሠራተኛዋን ከውጭ ቆልፈውባት ይሄዳሉ ሲባል ሰምቷል። ፓስፖርቱን ከድንኳኖቹ ክምር ሥር እስከ ክንዱ ድረስ አስገብቶ ደበቀውና እጁን አወጣ። ቀና ሲል ገመዶቹ ዓይኑ ሥር ተንጠልጥለዋል። አምስቱም በውጭ በኩል።

ብዙ ተቀመጠ። ከዚያ ተነስቶ ወደ ጎረቤት ሱቅ ሄደ።

"ፈሪዳ፣ አንድ ዚፕ ስጪኝ። ረጅሙን።"

"ዚፕ ለሱሪ ነው ስትለኝ አልነበር እንዴ፣ ጋሽ አስናቀው?" አለች እየሳቀች። ፊቱን ስታይ ሳቋን ተወችው። "ለድንኳኑ ነው?"

"ለሻንጣ።"

ፈሪዳ ሩታን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃታለች። ካላት ሁሉ ወፍራሙን መርጣ በክንዷ ለካች፣ ትርፍ ጨምራ ቆረጠችና ዋጋውን ሲጠይቃት ወደ መደርደሪያው ዞረች።

አስናቀው ከላይ ያለውን ድንኳን ስቦ አወረደ። መቀሱን በሩ ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆየና ሸራውን ከላይ እስከ ታች ቀደደው። ፓስፖርቱን ከክምሩ ሥር አውጥቶ ሸራው ላይ አጋደመው፤ ለኪስ እንዲሆን ዙሪያውን በጠመኔ አሰመረ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ኪሱን ሻንጣ በሚሆነው ሸራ ውስጠኛ በኩል ሰፋው። በዚህኛው አልተሳሳተም።